ቁጥሩ የሁላችን፣ ገንዘቡ የማን?



ስለ 911 እንደምናገር ስትሰሙ ብዙዎቻችሁ «አደጋ ሲደርስ እንዴት ይደወላል?» የሚል ምክር ጠብቃችሁ ይሆናል። እሱንም ወደ መጨረሻው ላይ ጥቂት እላለሁ። ዋናው ጉዳዬ ግን ገንዘቡ ነው። በየወሩ የሚመጣላችሁ የስልክ ቢል ግርጌ ላይ፣ ከታክሱና ከልዩ ልዩ ክፍያው መሃል፣ 911 የሚል የተጻፈበት አንድ መስመር አለ። አብዛኛው ሰው ጠቅላላ ድምሩን አይቶ ይከፍላል እንጂ እዚያ ድረስ ወርዶ አያነብም። እኔ ዛሬ ማታ ያንን መስመር ላነብላችሁ ነው የመጣሁት።

ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ይህ ክፍያ ለረጅም ዓመታት በወር 76 ሳንቲም ነበር። ቨርጂኒያ የሞባይሉን ከ75 ወደ 82 ሳንቲም ከፍ አድርጋለች። ሜሪላንድ በ2019 ባወጣችው ሕግ የስቴቱን ድርሻ ከ25 ወደ 50 ሳንቲም አሳደገች፤ ካውንቲዎቿም በዚያ ላይ እስከ 1 ዶላር ከ50 ሳንቲም እንዲጨምሩ ፈቀደች። ቺካጎ ደግሞ በ2018 በአንድ መስመር በወር 5 ዶላር አደረሰችው። (የምጠራቸው ዓመቶች፣ ወሮችና ቀኖች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ያው ሦስት ቁጥር፣ ያው ስልክ፣ ዋጋው ግን ወንዝ በተሻገራችሁ ቁጥር ይለያያል። ይህ የሆነው 911ን የሚያስተዳድር አንድ የአሜሪካ መሥሪያ ቤት ስለሌለ ነው። ቁጥሩ አንድ ነው፤ ሕጉ ግን የየስቴቱ ነው። ማን ይሰበስባል፣ ስንት ይሰበስባል፣ የተሰበሰበው ምን ላይ ይውላል የሚለውን የሚወስኑት በአናፖሊስ፣ በሪችመንድ፣ በትሬንተን፣ በስፕሪንግፊልድ የሚቀመጡ የስቴት ምክር ቤቶች ናቸው።

ነገሩ ከመጀመሪያውም እንዲህ ተበታትኖ ነው የተወለደው። ፕሬዚዳንት ጆንሰን ያቋቋሙት የወንጀልና የፍትሕ ጉዳዮች ኮሚሽን በ1967፣ ለፖሊስ የሚደወልበት አንድ ወጥ ቁጥር ቢኖር ይበጃል አለ። እንግሊዞች 999ን ለንደን ላይ ከጀመሩ ያኔ ሠላሳ ዓመት ሆኗቸው ነበር። በጥር 1968 የስልኩን ገበያ ጠቅልሎ የያዘው ኤቲኤንድቲ 911ን መረጥኩ ብሎ አስታወቀ። አጭር ነው፣ በሚሽከረከረው ስልክ ቶሎ ይደወላል፣ የማንም አካባቢ ኮድ ሆኖም አያውቅም። መጀመሪያ ሥራ ላይ ይውላል የተባለው ኢንዲያና ውስጥ ሀንቲንግተን በምትባል ከተማ ነበር፤ የሐሳቡ ዋና ተሟጋች የነበሩት የኮንግረስ አባል ኤድዋርድ ራውሽ የዚያች ከተማ ሰው ናቸው።

አላባማ ውስጥ አንድ ትንሽ የስልክ ኩባንያ ይህን ሰማና እልህ ያዘው። ትልቁ ኩባንያ ከመድረሱ በፊት ሰዎቹ ሌት ተቀን ሠርተው ሄይሊቪል በምትባል ከተማ መስመሩን ዘረጉ። የካቲት 16 ቀን 1968 የአላባማ የተወካዮች ምክር ቤት አፈ ጉባኤ ራንኪን ፋይት ከከንቲባው ቢሮ ደወሉ፤ ፖሊስ ጣቢያ ተቀምጠው ቀዩን ስልክ ያነሱት የኮንግረስ አባሉ ቶም ቤቪል «ሄሎ» አሉ። የመጀመሪያው የ911 ጥሪ ይኸው ነው። የታመመም፣ የተቃጠለም፣ የተዘረፈም አልነበረም፤ ፖለቲከኛ ለፖለቲከኛ ነበር የደወለው።

እዚያ ክፍል ውስጥ፣ ከቤቪል አጠገብ፣ ሌላም ሰው ነበር፤ ዩጂን «ቡል» ኮነር። አዎ፣ ያ በ1963 በርሚንግሃም ላይ በጥቁር ሕፃናት ላይ ውሻና የእሳት አደጋ ቧንቧ የለቀቀው ሰው ነው። በዚያን ጊዜ የአላባማ የሕዝብ አገልግሎቶች ኮሚሽን ሊቀመንበር ሆኖ ነበር፤ የስልክ ኩባንያዎችን የሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት ማለት ነው። ይህን የምነግራችሁ ለጨዋታ ማጣፈጫ ብቻ አይደለም። በሥፍራው የነበሩትን ቁጠሯቸው፦ የግል ኩባንያ፣ የስቴት ምክር ቤት፣ የስቴት ተቆጣጣሪ፣ የከተማው ፖሊስ። የፌዴራሉ መንግሥት በአንድ እንግዳ ብቻ ነው የተወከለው። እስከ ዛሬም የሥራው ክፍፍል ከዚያ ቀን እምብዛም አልራቀም። ኮንግረስ 911ን የአገሪቱ ሁሉ የአደጋ ጊዜ ቁጥር ብሎ በሕግ የሰየመው በ1999 ነው፤ ከሄይሊቪል ጥሪ ሠላሳ አንድ ዓመት በኋላ።

በመሃሉ ክፍተቱን የሞሉት ስቴቶቹ ናቸው። ካሊፎርኒያ በ1972፣ ፍሎሪዳ በ1974 የየራሳቸውን የአደጋ ጊዜ ስልክ ሕግ አወጡ። ሜሪላንድ በ1979 አንድ ቦርድና አንድ ልዩ ፈንድ አቋቁማ፣ ካውንቲዎቿ በሙሉ እስከ 1985 አገልግሎቱን እንዲጀምሩ አስገደደች። እነዚህን ሕጎች አንስታችሁ ብታነቧቸው አጥንታቸው ይመሳሰላል። የጥሪ ማዕከል የማቋቋም ግዴታ ያለበት ማን እንደሆነ ይናገራሉ። ጥሪ የሚቀበለው ሠራተኛ በቅን ልቦና ቢሳሳት እንዳይከሰስ ይከላከሉለታል። ለቀልድ የሚደውለውን ይቀጣሉ። የስልክ ኩባንያው ከደንበኛው ቢል ላይ ስንት ቆርጦ ለማን እንደሚያስገባም ይደነግጋሉ። በነገራችን ላይ፣ የምክር ቤት አባላት ይህን ገንዘብ ታክስ ብለው መጥራት አይወዱም፤ ታክስ የጨመረ ፖለቲከኛ በምርጫ ይቀጣል፣ «ክፍያ» የጨመረ ግን እምብዛም አይቀጣም።

ገንዘቡ ለምን አስፈለገ? የመስመር ስልክ ብቻ በነበረበት ዘመን ሥራው ቀላል ነበር። ስልኩ ከግድግዳው አይነቃነቅም፤ ቁጥሩ ከአድራሻው ጋር በመዝገብ ተጽፏል፤ ጥሪው ሲገባ አድራሻው በጥሪ ተቀባይዋ ፊት ብቅ ይላል። ሞባይል መጣና ያንን ሁሉ አፈረሰው። ሞባይል የሚያውቀው ሲግናል የሚይዝበትን የአንቴና ምሰሶ እንጂ ቤቱን አይደለም። የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን በ1996 ኩባንያዎቹ ደረጃ በደረጃ መጀመሪያ ምሰሶውን፣ ቀጥሎ ደዋዩ ያለበትን አካባቢ ለጥሪ ማዕከሎች እንዲያሳውቁ አዘዘ። ይህን መረጃ ተቀብሎ የሚያነብ መሣሪያ ግን ማዕከሉ መግዛት ነበረበት፤ ለዚያ ገንዘብ ነው ስቴቶቹ በሞባይል ላይ ክፍያ የጣሉት። ዛሬም ቢሆን ችግሩ ጨርሶ አልጠፋም። ፖቶማክ ወንዝ ዳር፣ በቨርጂኒያው በኩል ቆሞ የሚደውል ሰው፣ ስልኩ ከማዶ ያለውን ምሰሶ ከያዘ ጥሪው ሜሪላንድ ወይም ዲሲ ይገባል፤ ከዚያ ወደ ትክክለኛው ማዕከል ማዛወር አለ። ያ የሚባክነው ጊዜ ልቡ ለቆመ ሰው ረጅም ነው።

ስለ ወጪው ስናወራ ሰኔ 29 ቀን 2012ን አለማንሳት አልችልም። ከእናንተ መሃል ያን ምሽት የሚያስታውስ ብዙ ሰው ይኖራል፤ ያ ድንገተኛ ብርቱ ነፋስ ዛፉን ነቅሎ መብራቱን ለቀናት ያጠፋበት። በስድስት ስቴቶች ከ3.6 ሚሊዮን በላይ ሰዎችን የሚያገለግሉ 77 የጥሪ ማዕከሎች በተለያየ መጠን ግንኙነት ተቋረጠባቸው። ፌርፋክስን ጨምሮ በሰሜን ቨርጂኒያ አራት ማዕከሎች ጨርሶ ጥሪ መቀበል አቃታቸው። ማዕከሎቹ ራሳቸው መብራትም ሰውም ነበራቸው። የተበላሸው የስልክ ኩባንያው ጋ ነበር፤ በሁለት ጣቢያዎች መጠባበቂያ ጄኔሬተር አልነሳም። የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽኑ በቀጣዩ ዓመት ኩባንያዎች የመጠባበቂያ ኃይላቸውንና የመስመር አማራጫቸውን በየዓመቱ ፈትሸው እንዲያረጋግጡ የሚያስገድድ ደንብ አወጣ። ካውንቲው የቱንም ያህል ጥሩ ማዕከል ቢሠራ፣ ወደ ማዕከሉ የሚወስደው መስመር በሌላ ሰው እጅ ነው።

አሁን ወደ ገንዘቡ ምንጭ። ካሊፎርኒያ ለብዙ ዓመታት ክፍያውን ያሰላችው በስቴቱ ውስጥ በሚደረግ የድምፅ ጥሪ ሂሳብ ላይ በመቶኛ ነበር። በ1980ዎቹ ይህ ብልህ ሐሳብ ይመስል ነበር። ከዚያ ሰው መደወል ትቶ መጻፍ ጀመረ፤ ቢሉ የድምፅ መሆኑ ቀርቶ የኢንተርኔት ሆነ፤ የአደጋ ጥሪው ሳይቀንስ ገቢው ተሸረሸረ። በ2019 ምክር ቤቱ መቶኛውን ሰርዞ በእያንዳንዱ መስመር ላይ ከ80 ሳንቲም የማይበልጥ ቁርጥ ክፍያ አደረገው፤ የመጀመሪያው ተመን 30 ሳንቲም ነበር። አላባማም የመስመር ስልኩን በየአውራጃው በተለያየ ተመን፣ ሞባይሉን በ70 ሳንቲም ስታስከፍል ኖራ፣ በ2013 ሁሉንም በ1 ዶላር ከ60 አንድ አደረገችው። ሜሪላንድ ደግሞ አንድ ቤተሰብ በአንድ ሂሳብ አምስት ስልክ ቢይዝ የሚከፍለው እንደ አንድ የነበረውን፣ በዚያው በ2019ኙ ሕግ በየመስመሩ አደረገችው። ቢላችሁ ላይ ያ መስመር በድንገት የተባዛባችሁ ከሆነ ምክንያቱ ይኸው ነው።

የቅድመ ክፍያ ካርድ የሚጠቀም ሰውስ? ወርሃዊ ቢል የለውም። አብዛኞቹ ስቴቶች መጨረሻ ላይ ያገኙት መላ ክፍያውን ካርዱን ወይም ደቂቃውን በሚሸጠው ሱቅ መሰብሰብ ነው። ቴክሳስ ከ2010 ጀምሮ ከሽያጩ ሁለት በመቶ ታስቆርጣለች። ከእኛ ወገን የካርድ ሱቅና ነዳጅ ማደያ ያላችሁ፣ እናንተ ሳታውቁት የ911 ገንዘብ ሰብሳቢዎች ናችሁ። ምንም የማይከፍል ስልክም አለ፦ ደንበኝነቱ የተቋረጠ አሮጌ ሞባይል። በፌዴራሉ ደንብ መሠረት እሱም 911 መደወል ይችላል፤ ማዕከሉ መልሶ ሊደውልለት ግን አይችልም።

እስካሁን ያልኩት የመሰብሰቡን ነገር ነው። ወደ ማውጣቱ ስንመጣ ነገሩ ይከብዳል።

በ2004 የኒው ጀርሲ ምክር ቤት በእያንዳንዱ ስልክ ላይ በወር 90 ሳንቲም ጣለ። ገንዘቡ የሚገባበት ሂሳብ «የ911 ሥርዓትና የአደጋ ምላሽ አደራ ፈንድ» ተባለ። አደራ ፈንድ! በዓመት ከ120 ሚሊዮን ዶላር በላይ ይገባበታል። ጥሪ የሚቀበሉት ግን በካውንቲዎችና በከተሞች የሚተዳደሩ ማዕከሎች ናቸው፤ እነሱ ለዓመታት ከዚህ ፈንድ አንድም ሳንቲም ሳይደርሳቸው፣ የሠራተኛውን ደመወዝ ከነዋሪው የቤት ግብር እየከፈሉ ኖረዋል። ገንዘቡ የት ሄደ? አብዛኛው ወደ ስቴቱ የሕግና የሕዝብ ደኅንነት መሥሪያ ቤት፣ በተለይም ወደ ስቴት ፖሊስ በጀት። ሰረቁ እንዳትሉ፤ አልሰረቁም። ሕጉ ራሱ ይፈቅዳል። ፈንዱን ያቋቋመው አንቀጽ ከ911 ቀጥሎ የስቴት ፖሊስንና የአገር ውስጥ ደኅንነትን እየዘረዘረ ይሄዳል።

ይህን ለመረዳት እድር የምታውቁ ሰዎች ሌላ ማብራሪያ አያስፈልጋችሁም። የእድሩ ደንብ «ገንዘቡ ለቀብር ማስፈጸሚያና ለሌሎች ተዛማጅ ጉዳዮች ይውላል» የሚል ከሆነ፣ ሰብሳቢው ለጽሕፈት ቤቱ ሶፋ ቢገዛበት በምን ትከሱታላችሁ? ጥፋቱ የተፈጸመው ሶፋው የተገዛ ቀን አይደለም፤ ደንቡ የጸደቀ ቀን ነው።

ኒው ጀርሲ ብቻዋንም አይደለችም። ኒው ዮርክ በሞባይል ላይ በወር 1 ዶላር ከ20 ታስከፍላለች፤ ሕጓ ከገቢው የተወሰነውን በግልጽ ወደ ስቴቱ አጠቃላይ ካዝና ይመራዋል። ትንሿ ሮድ አይላንድ ከምትሰበስበው ከግማሽ በላዩን ለሌላ ጉዳይ ስታውል ቆይታ፣ ብዙ ከተወቀሰች በኋላ በ2019 ክፍያውን ለሁለት ከፈለችና አንደኛውን ለ911 ብቻ አደረገች። ዊስኮንሲን ከ2009 ጀምሮ 75 ሳንቲም ታስከፍላለች፤ ስሙን ግን «የፖሊስና የእሳት አደጋ ጥበቃ ክፍያ» አለችውና ወደ አጠቃላይ የከተሞች ድጎማ አስገባችው። እኔ በበኩሌ የዊስኮንሲኑን ግልጽነት እመርጣለሁ፤ ቢያንስ 911 የሚል ስም ለጥፎ አልዋሸም። ቺካጎ ደግሞ የራሷ ጥበብ አላት። በከንቲባ ራም ኢማኑኤል ዘመን ክፍያው በ2014 ከ2 ዶላር ከ50 ወደ 3 ዶላር ከ90፣ ከዚያም ወደ 5 ዶላር ያደገው የጡረታ ፈንድ ጉድለት በሚያስጨንቅበት ወቅት ነው። የ911 ገንዘብ በቀጥታ ለጡረታ አልተከፈለም። ከተማዋ ለጥሪ ማዕከሉ ከሌላ በጀት ታወጣ የነበረውን አሁን የስልክ ክፍያው ስለሸፈነው፣ የተረፈው ወደ ጡረታው ዞረ። ሂሳቡ ንጹሕ ነው፤ ኪሱ ግን ያው የእናንተ ኪስ ነው።

ኮንግረስ ይህን ሳያይ አልቀረም። በ2004 ባወጣው ሕግ ለስቴቶች የሚሰጠውን የ911 ዕርዳታ የሚያገኘው ክፍያውን ለሌላ ጉዳይ የማያውል ብቻ ነው አለ። በ2008 ደግሞ የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን በየዓመቱ የትኛው ስቴት ስንት ሰበሰበ፣ ምን ላይ አዋለው የሚል ሪፖርት እንዲያቀርብ አዘዘ። እስቲ እዚህ ላይ ጆሮ ስጡኝ፤ የሁሉ ነገር ቁልፍ እዚህ ነው። የ2008ቱ ሕግ ክፍያው ለ911 ብቻ መዋል አለበት ካለ በኋላ አንድ ሐረግ ጨመረ፦ ክፍያውን በጣለው የስቴት ወይም የአካባቢ ሕግ እንደተደነገገው። ይቺ ሐረግ የፊተኛውን ቃል በሙሉ ባዶ አደረገችው። ኒው ጀርሲ «ሕጌ ለፖሊስ ይዋል ይላል፤ እኔም ለፖሊስ አዋልኩት» ብትል፣ በሐረጉ መሠረት ትክክል ናት። ኮሚሽኑ በየዓመቱ ስማቸውን እየጠራ ከማሳፈር በቀር ምንም ሊያደርግ አልቻለም፤ ማፈር ደግሞ በበጀት ሰሞን ብዙም አይሠራም።

ለ2019 በቀረበው ሪፖርት ስቴቶቹ በጠቅላላው ከ3 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሰብስበዋል፤ ከ200 ሚሊዮን በላዩን አምስት ስቴቶች ለሌላ ጉዳይ አውለውታል። በኮሚሽኑ ውስጥ ሪፐብሊካኑ ማይክል ኦሪሊና ዴሞክራቷ ጄሲካ ሮዘንወርሴል በሌላው ጉዳይ ሁሉ ሲከራከሩ በዚህ አንድ ሆነው ጻፉ፣ ተናገሩ። በታኅሣሥ 2020 ኮንግረስ በትልቁ የበጀት ሕግ ውስጥ ያቺን ሐረግ አወጣት። ከእንግዲህ ምን ተገቢ ወጪ እንደሆነ የሚወስነው ኮሚሽኑ ነው ተባለ፤ ኮሚሽኑም በሰኔ 2021 ደንቡን አወጣ። የጥሪ ተቀባይ ደመወዝ፣ ሥልጠና፣ መሣሪያ ይፈቀዳል። ወደ አጠቃላይ ካዝና መገልበጥ አይፈቀድም።

ጥሩ። ቅጣቱስ? ደንቡን የጣሰ ስቴት ከፌዴራሉ የ911 ዕርዳታ አይደርሰውም፤ ሰዎቹም በኮሚሽኑ አማካሪ ጉባኤዎች ላይ መቀመጥ አይችሉም። ይኸው ነው። በ2019 የፌዴራሉ መንግሥት ለ34 ስቴቶችና ለሁለት የአገሬው ተወላጆች ጎሣዎች ያከፋፈለው ጠቅላላ ዕርዳታ 109 ሚሊዮን ዶላር ነበር። በዓመት 120 ሚሊዮን የሚሰበስብ ስቴት ከዚያች ድርሻ እንዳይቀርበት ብሎ ልማዱን ይተዋል? ኒው ዮርክና ኒው ጀርሲ ከዚያ በኋላ በወጡ ሪፖርቶች ላይም ስማቸው ተመልሶ ታይቷል።

የስቴቶቹንም ወገን ልበል፤ ሸንጎ ያለ መልስ አያምርም። የበጀት ኃላፊዎቻቸው እንዲህ ይላሉ፦ አደጋው ስልኩ ሲነሳ አያበቃም፤ ፖሊሱና አምቡላንሱ ካልደረሰ የተነሳው ስልክ ምን ይጠቅማል? ለዚያ የሚወጣ ገንዘብ ለምን ያስወቅሰናል? ክርክሩ ባዶ አይደለም። ነገር ግን ፖሊሱን ለመክፈል ሌላ ግብር አለ፤ ጥሪ ተቀባይዋን ለመክፈል ግን በብዙ ቦታ ይህ ክፍያ ዋነኛው ነው። እሷም በፌዴራሉ የሥራ ምደባ ውስጥ የቢሮ ሠራተኛ ተብላ ነው የተመዘገበችው። በስልክ ሕፃን አዋልዳ የምትውል ሴት ከጸሐፊ ጋር ነው የምትቆጠረው። ቴክሳስ በ2019 በራሷ ሕግ ከአደጋ ደራሾች ጋር መድባታለች፤ ሌሎችም ተከትለዋል።

ስቴት ቀድሞ ፌዴራሉ የሚከተልበት ሌላም ታሪክ አለ፤ ይኸኛው ያሳዝናል። በታኅሣሥ 2013 ማርሻል፣ ቴክሳስ በሚገኝ አንድ ሆቴል ውስጥ አንዲት እናት ተገደለች። የዘጠኝ ዓመት ልጇ በክፍሉ ስልክ 911ን አራት ጊዜ ደወለች። አልገባም፤ ከሆቴሉ ወደ ውጭ ለመደወል መጀመሪያ ሌላ 9 መጫን ነበረባት፤ ይህን ደግሞ ለሕፃኗ የነገራት የለም። ቤተሰቡ ዘመቻ ያዘ፤ ቴክሳስ በ2015 በእናትየው ስም «የካሪ ሕግ» የተባለውን አወጣች፤ ኮንግረስም ተከተለ። የፌዴራሉ ሕግ የተፈረመው የካቲት 16 ቀን 2018 ነው፤ ሄይሊቪል ላይ የመጀመሪያው ጥሪ ከተደወለ ልክ ሃምሳ ዓመት። ሆቴል፣ የአረጋውያን መኖሪያ ወይም ባለ ብዙ መስመር ቢሮ የምታስተዳድሩ ይህ ሕግ ይመለከታችኋል፤ አዲስ የሚተከል ወይም የሚተካ የስልክ ሥርዓት ያለ ምንም ተጨማሪ ቁጥር 911ን ማስገባት አለበት።

ቃል የገባሁትን ምክር አሁን ልስጥ። አዲስ አበባ ለፖሊስ 991፣ ለእሳት አደጋ 939፣ ለቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 እያልን ያደግን ሰዎች፣ እዚህ ለሁሉም አንድ ቁጥር መሆኑን ለቅርብ ጊዜ መጪዎችና በተለይ ለወላጆቻችን እንንገር። በዋትሳፕና በቫይበር ወደ 911 አይደወልም። እንግሊዝኛ ካስቸገረ ሁለት ነገር ይበቃል፦ መጀመሪያ አድራሻው፣ ቀጥሎ «አምሃሪክ» የሚል አንድ ቃል። ጥሪ ተቀባይዋ አስተርጓሚ በስልክ ታስገባለች፤ እስኪገባ አትዝጉ። አድራሻውን ማስቀደም ያስፈለገው ቅድም የነገርኳችሁ የምሰሶ ጉዳይ ስላለ ነው። ዲሲ በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ ከሚገለገሉት ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። የአስተርጓሚውም ደቂቃ ዋጋ አለው፤ ያም ከአንድ በጀት ይወጣል።

የሚመጣውም ወጪ ቀላል አይደለም። አሁን ያለው ሥርዓት በመሠረቱ ድምፅ ለማስተላለፍ የተዘረጋ አሮጌ መስመር ነው፤ ፎቶም፣ ቪዲዮም፣ ትክክለኛ ካርታም በቀላሉ አይቀበልም። ወደ ኢንተርኔት ለመቀየር በአገር ደረጃ ከ9.5 እስከ 12.7 ቢሊዮን ዶላር እንደሚያስፈልግ በ2018 ለኮንግረስ የቀረበ የመንግሥት ጥናት ገምቷል። ኮንግረስ ያን ገንዘብ አልመደበም። ስለዚህ ሥራውን እየጀመሩ ያሉት ስቴቶቹ ናቸው፤ በምን? በዚያው በቢላችሁ ግርጌ ባለው መስመር።

አጠገቡ ሌላም እየተወለደ ነው። የአእምሮ ጭንቀት የደረሰበት ሰው የሚደውልበት 988 በሐምሌ 2022 ሥራ ጀመረ። ይህን ቁጥር ያቋቋመው የ2020 ሕግ ስቴቶች ክፍያ እንዲጥሉ ሲፈቅድ፣ ገንዘቡ ለብቻው በተለየ ፈንድ እንዲቀመጥና ለሌላ እንዳይውል ከጅምሩ ጽፎበታል፤ ከ911 የተማሩት ይመስላል። ቨርጂኒያ በ2021 ከሁሉም ቀድማ 12 ሳንቲም ጣለች። ሜሪላንድ በ2024 25 ሳንቲም የሚጥል ሕግ አጸደቀች። ያ ፈንድ ገና ልጅ ነው፤ ማን ከውስጡ እንደሚወስድ የሚወሰነው በመጪዎቹ የበጀት ወራት ነው። የሜሪላንድ ምክር ቤት በጥር ይከፈትና ለ90 ቀን ይቀመጣል፤ የኮሚቴ ስብሰባው ለሕዝብ ክፍት ነው፤ ምስክርነትም በጽሑፍ መላክ ይቻላል። ካውንቲዎቹ ደግሞ በጸደይ ወራት የበጀት አስተያየት ይሰማሉ። የፈንዱን ዓመታዊ ሪፖርት ስትጠይቁ መጀመሪያ የምታዩት የገባውን መጠን ሳይሆን «ወደ ሌላ ሂሳብ የተዛወረ» የሚለውን ረድፍ ይሁን።

አሁን ጥያቄያችሁን ልስማ።